ጥማድን ወደ ሄክታር ስለ መመለስና ሠራተኛ በገዛ እጁ ስለሚጽፈው የሒሳብ መሣሪያ

በደባርቅና በዳባት፣ በሰሜን ተራሮችም ግርጌ፣ ገበሬ የመሬቱን ስፋት ሲጠየቅ በጥማድ ይመልሳል እንጂ በሄክታር አይመልስም። ጥማድ ሁለት በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነውና መጠኑ እንደ ቦታው ይለያያል፤ በሜዳው ሰፊ፣ ድንጋይ በበዛበት ተዳፋት ግን ጠባብ ነው። ይሁን እንጂ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ነው ተብሎ መቈጠሩ የተለመደ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ሰው ይህን ምሳሌ ይመልከት። አንድ ገበሬ ከ4 ጥማድ መሬት 12 ኩንታል ገብስ አገኘ እንበል። ጥማዱ ሩብ ሄክታር ከሆነ ምርቱ በሄክታር 12 ኩንታል ነው። ተለክቶ 0.20 ሄክታር ሆኖ ቢገኝ ግን መሬቱ 0.80 ሄክታር፣ ምርቱም በሄክታር 15 ኩንታል ይሆናል። ገብሱ ያው ገብስ ነው፤ የተለወጠው መለኪያው ብቻ ነው። ማዳበሪያም ለሄክታር 100 ኪሎ ተብሎ ቢታደል፣ 80 ኪሎ ለሚበቃው ገበሬ 100 ኪሎ ይጻፍበታል፤ የትርፉንም ዋጋ ከጎተራው ይከፍላል።

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከዓለም ባንክ ጋራ ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 የጀመረው የገጠር ኑሮ ጥናት፣ ጥማድን የመሳሰሉ ያገር መለኪያዎች በየአካባቢው ስንት ካሬ ሜትር እንደሚሆኑ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከመረጃው ጋራ አውጥቷል። ነገር ግን የብዙ ገበሬዎችን መዝገብ በዚህ ሠንጠረዥ አንድ በአንድ መለወጥ ድካሙም ስሕተቱም ብዙ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙን አንድ ጊዜ ጽፎ ለኮምፒዩተር መስጠት ይሻላል።

በዓለምም የሆነው ይኸው ነው። ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች የጐደለባቸውን ትእዛዝ ራሳቸው እየጻፉ፣ ከ1997 ወዲህ በአሜሪካ በቦስተን ኮሌጅ በሚገኘው ማኅደር ለሁሉ ያኖራሉ። በኒው ዚላንድ፣ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጄንትልማን የጀመሩት አር የተባለው ፕሮግራምም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ ተጠቃሚዎች የጻፉለት መሣሪያም ከብዙ ሺሕ በላይ ሆኗል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሆኖም ሰው የጻፈው ሁሉ ሳይመረመር አይታመንም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴንና መጥቅዕን ካወጡ በኋላ ይደምሯቸዋል፤ ድምሩ 30 ካልሞላ ሒሳቡ እንደ ተሳሳተ ያውቃሉ። የመሬትም ሒሳብ እንዲሁ መፈተኛ ይሻል። ስለዚህ አዲስ ትእዛዝ የጻፈ ሠራተኛ አስቀድሞ የዐሥር ገበሬዎችን መዝገብ በእጁ አስልቶ ከኮምፒዩተሩ መልስ ጋራ ያስተያይ። ያልተጠየቀውን ገበሬ ምንም እንዳላመረተ አድርጎ በዜሮ አይጻፍ። የመጀመሪያውን መዝገብ ሳይነካ ያኑር፤ የተጠቀመበትንም የጥማድ ልክ ከየት እንዳገኘው በትእዛዙ ውስጥ ይግለጽ።

ከዚህም ቀጥሎ ቍጥሩን በሥዕል ማሳየት ይገባል። ከደባርቅ ደጋ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ገብሱን ከላይ ትቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማሽላ ወደሚበቅልበት ቈላ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ አገር አማካይ ቍጥር ያታልላል፤ አንዱ ቀበሌ በሄክታር 18፣ ሌላው 6 ኩንታል ቢያገኙ አማካዩ 12 ነው፤ 12 ያገኘ ቀበሌ ግን አንድም የለም። የየቀበሌውን ከፍታ በአግድም፣ ምርቱን በቁም አድርጎ ነጥብ በነጥብ የሚያሳይ ሥዕል ቢሠራ፣ ዘርና ርዳታ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ቀበሌ ወዲያው ይታያል።

እንግዲህ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ድምሩን ብቻ ወደ ላይ ባይልክ፣ ሒሳቡ የተሠራበትንም ትእዛዝ አብሮ ቢልክ ይበጃል። ደባርቅ የጻፈውን ዳባት ያርመዋል፤ ዳባት ያረመውን ሌላው ወረዳ ይጠቀምበታል። በዚህም ገበሬው ባላረሰው መሬት ዕዳ ከመክፈል ይድናል።