የወል ርእስ ያላቸው ሠንጠረዦች በኮድ ሲዘጋጁ፦ የቲቢ ሕክምና ውጤት ዘገባ እንደ ማሳያ

በቲቢ ሕክምና ውጤት ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ትርጉሙን የሚያገኘው ከሁለት ርእሶች ነው። «የዳነ» የሚለው የዓምድ ርእስ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከበላዩ «አዲስ ታካሚ» ወይም «ቀደም ሲል የታከመ» የሚል፣ ብዙ ዓምዶችን በአንድነት የሚሸፍን ርእስ ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ የወል ርእስ የተባለው ይኸው ነው። ሠንጠረዡ በእጅ ሲሠራ ርእሱን የሚጽፈው ባለሙያ ዓምዶቹን እያየ ስለሚጽፍ ስሕተቱ ጥቂት ነው። በኮድ ሲሠራ ግን ርእሱ ከዓምዶቹ ተለይቶ ስለሚጻፍ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ።

ይህ የማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በቲቢ ሕክምና የታወቀ ሲሆን፣ ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ ሕክምናም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሆስፒታል ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይበልጥ የሚጠረጠረው ቀደም ሲል በታከሙ ሰዎች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ታካሚዎች ይሰጥ የነበረው የስምንት ወር የድጋሚ ሕክምና እንዲቀር፣ በምትኩም የመድኃኒት መላመድ ምርመራ ውጤት ሕክምናውን እንዲመራ መክሯል። ስለዚህ በአካባቢው ያለ ጤና ጣቢያ በሚያቀርበው ዘገባ የሁለቱ ቡድኖች ድንበር በአንድ ዓምድ ቢዛነፍ፣ የሚዛነፈው የሕክምና ውሳኔ የሚመሠረትበት መረጃ ነው።

ብዙ የጤና ተመራማሪዎች በሚጠቀሙበት አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት ከሚያገለግሉት ፓኬጆች መካከል ፍሌክስቴብል፣ ጂቲ እና ኬብል ኤክስትራ ይገኛሉ። በፍሌክስቴብል የወል ርእስ የሚጨምረው «አድ ሄደር ሮው» የተባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የርእሶቹን ዝርዝርና እያንዳንዱ ርእስ ስንት ዓምድ እንደሚሸፍን። የመጀመሪያው ዓምድ የጤና ጣቢያው ስም ቢሆንና ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ቡድኖች ስድስት ስድስት የሕክምና ውጤቶች (የዳነ፣ ሕክምናውን የጨረሰ፣ ሕክምናው ያልሠራለት፣ የሞተ፣ ከክትትል የጠፋ፣ ያልተገመገመ) ቢከተሉ፣ ስፋቶቹ 1፣ 6 እና 6 ይሆናሉ። ድምራቸው 13 ነው፤ ይህም ከዓምዶቹ ብዛት ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ፕሮግራሙ ስሕተት መኖሩን አስታውቆ ሥራውን ያቆማል።

ጥበቃው ግን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ፕሮግራሙ ድምሩን እንጂ ትርጉሙን አይመረምርም። የታካሚዎች መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ታካሚ አንድ ረድፍ ሆኖ ስለሚያዝ፣ ወደ ሠንጠረዥ የሚለወጠው ተቆጥሮ «ፒቮት ዋይደር» በተባለው ትእዛዝ ወደ ጎን ሲዘረጋ ነው። ይህ ትእዛዝ በመዝገቡ ውስጥ ላልተገኘ ውጤት ዓምድ አይሠራም። በትንሽ ጤና ጣቢያ በአንድ ሩብ ዓመት ከአዲስ ታካሚዎች መካከል ሕክምናው ያልሠራለት አንድም ሰው ባይኖር ዓምዶቹ 12 ይሆናሉ፤ 1፣ 6፣ 6 የሚለው ስፋትም ተቀባይነት ያጣል። ዘገባ ለማድረስ የሚጣደፍ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ወደ 5 ቢለውጠው ድምሩ 12 ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይቀበለዋል። ውጤቱ ግን፣ ቀደም ሲል ታክመው የዳኑት ሰዎች ዓምድ «አዲስ ታካሚ» ከሚለው ርእስ ሥር መግባቱ ነው።

ጉዳቱን ለማየት ያህል፣ 40 አዲስ ታካሚዎች ነበሩ እንበል፤ 20 ድነው፣ 12 ሕክምናውን ጨርሰው፣ 2 ሞተው፣ 4 ጠፍተው፣ 2 ሳይገመገሙ ቀሩ። ቀደም ሲል ከታከሙት 12 ሰዎች ደግሞ 6 ድነው፣ 1 ጨርሶ፣ ለ1 ሕክምናው ሳይሠራ፣ 1 ሞቶ፣ 2 ጠፍተው፣ 1 ሳይገመገም ቀረ። የዳኑትና የጨረሱት ተደምረው ትክክለኛው የስኬት መጠን ለአዲሶቹ 80 በመቶ፣ ለሌሎቹ 58 በመቶ ነው። ርእሱ በአንድ ዓምድ ሲዛነፍ ግን ሠንጠረዡን የሚያነብ ሰው ለአዲሶቹ ከ46 ሰዎች 38፣ ማለትም 83 በመቶ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከ6 ሰዎች 1፣ ማለትም 17 በመቶ ብሎ ያሰላል። ከቁጥሮቹ አንዱም አልተለወጠም። በሽሮ ሜዳ የሚሸጠውን ቀሚስ ጥለት የሠራ ሸማኔ ክሩን ቆጥሮ ይጀምራል፤ እዚህ ግን ቆጠራው ራሱ ትክክል ሆኖ ጥለቱ ከቦታው ወጥቷል።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፣ መረጃው ወደ ጎን ከመዘርጋቱ በፊት ቡድኖቹና ስድስቱ ውጤቶች በሙሉ በቅደም ተከተል እንደ ፋክተር ይመዝገቡ፤ በ«ፒቮት ዋይደር» ውስጥ ያለው «ኔምስ ኤክስፓንድ» የተባለው ምርጫም ይከፈት። ያን ጊዜ ታካሚ ያልተገኘበት ውጤት ዓምዱን ይዞ ይቀራል፤ ባዶውም በ0 እንዲሞላ ማዘዝ ይቻላል። (ይህ የሚሠራው መዝገቡ ሙሉ ሲሆን ብቻ ነው። ውጤታቸው ጨርሶ ባልተጻፈላቸው ታካሚዎች ፈንታ 0 ማስቀመጥ ሌላ ሐሰት ነው።)

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚመረጠው፣ ርእሱን ከዓምዱ ቦታ ጋር ሳይሆን ከዓምዱ ስም ጋር ማያያዝ ነው። ዓምዱ ሲፈጠር «አዲስ» እና «የዳነ» በአንድ የመለያ ምልክት ተጣምረው አንድ ስም ይሁኑ። ከዚያም በጂቲ «ታብ ስፓነር ዴሊም»፣ በፍሌክስቴብል ደግሞ «ሴፓሬት ሄደር» የተባሉት ትእዛዞች ስሙን ከምልክቱ ላይ ለሁለት ከፍለው የላይኛውንና የታችኛውን ርእስ ራሳቸው ይሠራሉ። ስፋት መቁጠር ስለማያስፈልግ የሚዛነፍ ነገር አይኖርም።

በኤክሴል ለሚሠሩ ባለሙያዎችም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። የተዋሐዱ ሕዋሶች መረጃን መደርደርና ማጣራት ስለሚያውኩ፣ የሥራው ቅጂ ባለ አንድ ረድፍ ርእስ ሆኖ ይቆይ፤ የወል ርእሱ ለሚታተመው ቅጂ ብቻ ይጨመር። የታተመውም ከመላኩ በፊት በእያንዳንዱ የወል ርእስ ሥር ያሉት ቁጥሮች ተደምረው በመዝገቡ ካለው የዚያ ቡድን ታካሚዎች ቁጥር ጋር ይነጻጸሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ 46 እና 40 አለመግጠማቸው ወዲያውኑ ይታይ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. «ያቋረጠ» የሚለውን «ከክትትል የጠፋ» በሚለው ሲተካ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የውጤቶቹን ትርጓሜ ዳግም ሲያሻሽል፣ በስም የታሰረ ኮድ ያለው ጤና ተቋም ሊያርመው የሚገባው የስሞቹን ዝርዝር ብቻ ነው።