ጎመን ልተው ወይ?

ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ ወይም ከሮቤ ተነስቶ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ድረስ የሚመላለስ የልብ ሕመምተኛ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን ሲታዘዝለት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሌላ ቦታ ካለ ሰው ጥያቄ ብዙም አይለዩም። ጎመን ልተው ወይ? ማረስ እችላለሁ? ፈረስ መጋለብስ? እስከ መቼ ነው የምውጠው? ደፈር ያለው ደግሞ ጎረቤት የነገረውን ይዞ፣ "የአይጥ መርዝ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?" ይላል።

እውነት ነው። እሱን መካድ ሕመምተኛውን ከመድኃኒቱ ያርቀዋል እንጂ አያረጋጋውም፤ ታሪኩን መንገር ይሻላል። የአርሲ ሰው ደግሞ ከብት ያውቃልና ታሪኩ ይገባዋል።

በ1920ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳማ ግዛቶች ከብቶች እየደሙ ያልቁ ጀመር። ቀንዱ የተቆረጠ ወይም የተኮላሸ ወይፈን ደሙ አልቆም ብሎ ይሞታል። ምንም ቁስል የሌለው ከብትም ውስጥ ውስጡን ደምቶ ይወድቃል። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ ካናዳ ይሠራ የነበረ የእንስሳት ሐኪም ምክንያቱን ከመኖው አገኘው። የእኛ ማገጥ ዘመድ የሆነ፣ ደስ የሚል ሽታ ያለው የመኖ ተክል በእርጥብ ወራት ታጭዶ ሲሻግት፣ የበላው ከብት ደም መርጋት ያቆማል። የሻገተ ድርቆሽ ለከብት እንደማይበጅ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ድርቆሹ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ለዓመታት ማንም አላወቀም።

በየካቲት 1933 ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር መኪናውን እየነዳ የሞተች ጊደር፣ የተበላሸ ድርቆሽና በወተት ዕቃ የተሞላ፣ ያልረጋ ደም ይዞ ማዲሰን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። የተቀበለው ኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክ ነበር። ሊንክና ተማሪዎቹ ስድስት ዓመት ያህል ለፍተው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ከድርቆሹ ለይተው አወጡ። ከዚያም የእሱን ዝርያዎች አንድ በአንድ ሠርተው ሞከሩ፤ ከሁሉ የበረታው በ1948 የአይጥ ማጥፊያ ሆኖ ገበያ ወጣ። ዋርፋሪን የሚለውን ስሙን ያገኘው ለምርምሩ ገንዘብ ካወጣው የዊስኮንሲን ምሩቃን የምርምር ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው። በ1951 አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ራሱን ለማጥፋት ብዙ ዋርፋሪን ዋጠ። ሐኪሞች ቫይታሚን ኬ ሰጡትና ዳነ። ማርከሻው ሐኪሙ እጅ ላይ ካለ ደግሞ መርዙን በልክ መስጠት ይቻላል ማለት ነው። በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በዓመቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመታቸው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወሰዱት።

አይጡንና ፕሬዚዳንቱን የለያቸው መጠኑ ነው፤ መጠኑን ደግሞ የሚወስነው የደም ምርመራ ነው። የዚህ መድኃኒት ችግሩም ጥበቡም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጉበት ደምን የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ከእነዚህ አራቱ ሥራ የሚጀምሩት ቫይታሚን ኬ ሲያገኙ ብቻ ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ቫይታሚን ኬ አድሶ መልሶ ይጠቀምበታል፤ ዋርፋሪን የሚዘጋው ይህን ማደሻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ደምን ውኃ አያደርገውም፣ አያሳንሰውም፣ አቅም አያሳጣም። የመርጊያ ጊዜውን ያዘገየዋል፣ ያ ብቻ። ቀድመው የተሠሩት ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ስላሉም ዛሬ የተዋጠው ፍሬ ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አምስት ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። "ዛሬ ደህና ነኝ፣ ልተወው" ወይም "ዛሬ አመመኝ፣ ልጨምር" የሚለው ስሌት የማይሠራው በዚህ የተነሳ ነው። የመድኃኒቱ መብዛትም ማነስም በስሜት አይታወቅም።

ታዲያ ለማን ነው የሚታዘዘው? በሀብታም አገሮች ዋርፋሪን የሚውጡት በአብዛኛው የልብ ምታቸው የተዛባ አረጋውያን ናቸው። እኛ ዘንድ ከሚውጡት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ይይዛል፤ በቅጡ ሳይታከም ያልፋል። ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያነሳው ጦር የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ይወጋል። ሪህማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ከዓመታት በኋላ የልብ በር ይጠባል፣ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፤ በተለጠጠው ክፍል ውስጥ ተኝቶ የቆየ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ የሃያ አምስት ዓመት እናት በአንድ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ይላታል። ዋርፋሪን የሚታዘዘው ይህ እንዳይደርስ ነው።

የብረት የልብ በር የተገጠመላቸውም አሉ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ከመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ጥረት የተወለደው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው አገር ውስጥም ይሠራል፤ ከዚያ በፊት ሕመምተኞች ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። የብረት በር ያለው ሰው ጸጥ ባለ ሌሊት የልቡን "ቋ ቋ" ራሱ ይሰማዋል። ለእሱ "እስከ መቼ?" ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፦ ዕድሜ ልክ። ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እግሩ ላይ ደም ለረጋበት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይበቃዋል።

ምርመራ የማይሹ አዳዲስ መድኃኒቶች እንዳሉ የሰማ ሰው፣ "ድሃ ስለሆንን ነው አሮጌው የሚሰጠን?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አዳዲሶቹ በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ እግሩ ላይ ደም ለረጋበት ሰው ጥሩ ናቸው። ነገር ግን ከእነሱ አንዱ የብረት በር ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ብዙ ደም መርጋትና መድማት ስላስከተለ ጥናቱ እንዲቋረጥ ተደርጓል። በ2022 የታተመ፣ በ24 አገሮች የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ በሪህማቲክ ምክንያት የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ዋርፋሪንና ዘመዶቹ ከአዲሱ መድኃኒት በተሻለ ሕይወት እንደሚያተርፉ አሳይቷል። አሮጌው የተሰጠው ለዚህ በሽታ ስለሚበልጥ ነው።

መለኪያው አይ ኤን አር ይባላል። መድኃኒት የማይወስድ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ሲሆን፣ በግራ በኩል ባለው የላይኛውና የታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለው በር በብረት ከተተካ እስከ 3.5 ይፈቀዳል። ከ2 ሲወርድ ደም የመርጋት አደጋው ይጨምራል፤ ከ4 ሲያልፍ የመድማት አደጋው እያሻቀበ ይሄዳል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች የሪህማቲክ ሕመምተኞችን የመዘገበው ሬመዲ የተባለ ጥናት በ2015 ሲታተም፣ ይህን ዓይነት መድኃኒት ከታዘዘላቸው መካከል ቁጥራቸው በሚፈለገው ወሰን ውስጥ የተገኘው 28.3 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ጎመኑ ጋ ደረስን። የጓሮ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ ማርከሻው እነሱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ "ጎመን አትብሉ" ማለት ለመካሪው ይቀለዋል። በእኔ ግምት ግን ከዋርፋሪን ምክሮች ሁሉ ብዙ ሰው ያሳሳተው ይኸኛው ነው። "ጎመን በጤና" በሚባልበት አገር፣ እህል በሚያልቅበት በሐምሌና በነሐሴ ጓሮው ብቻ ለሚያበላው ገበሬ ጎመንን የጤና ጠላት አድርጎ መንገር ምን ይበጃል? ሰውየው ወይ ይራባል ወይ ደብቆ ይበላል። ደብቆ የበላው ደግሞ ቁጥሩ ሲወርድ ሐኪሙ ምክንያቱን ስለማያውቅ መጠኑን ይጨምርለታል፤ ጎመኑ ሲያልቅ የተጨመረው መድኃኒት ብቻውን ይቀራል፣ ሰውየውም ይደማል።

ትክክለኛው ምክር ሌላ ነው፦ የምትበላውን ብላ፣ ግን አታዘበራርቅ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎመን የሚበላ ሰው ሦስት ቀኑን ይቀጥል፤ መድኃኒቱ በእሱ አበላል ልክ ይመጠንለታል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ድንች ቫይታሚን ኬያቸው ጥቂት ስለሆነ ገንፎውም ጩምቦውም ጣጣ የለባቸውም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ወቅት ሲዞር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመንና ሰላጣ ማዕዱን ይሞሉታል፤ ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ጀምበር ይጠፋሉ። ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ቁጥሩን መለካት ነው መፍትሔው። ረመዳን የሚጾም ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ዋርፋሪን በቀን አንዴ፣ በተለይም ማታ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ይውጠዋል። ቁም ነገሩ ይህን ሁሉ ሕመምተኛው በሚሰማው ቋንቋ መንገር ነው። አርሲ ውስጥ ብዙው ሰው የሚሰማው ኦሮምኛ ነው፤ ጎመንን "ራፉ" የምትል እናት በእንግሊዝኛ የታተመ የምግብ ዝርዝር ቢሰጣት ለመጠቅለያ እንኳ አይበቃትም።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ጉዳይ የፍሬው መጠን ነው። ዋርፋሪን በ1፣ በ2 እና በ5 ሚሊግራም ይሠራል። "ግማሽ ፍሬ ውሰድ" የተባለ ሰው ባለ 5ቱን ለሁለት ሲከፍል ሁለት ተኩል ሚሊግራም ያገኛል፤ ፋርማሲው ባለ 5ቱን ጨርሶ ባለ 2 ቢሰጠው ግን ግማሹ አንድ ሚሊግራም ብቻ ነው። ያው ግማሽ ፍሬ፣ ያው ታዛዥ ሕመምተኛ፣ ቁጥሩ ግን ወደቀ። ስለዚህ መታወቅ ያለበት ሚሊግራሙ ነው፤ የድሮውን ማሸጊያ ይዞ ሄዶ ማነጻጸርም ብልህነት ነው። ማታ የረሳ ሰው ያው ቀን ሳያልፍ ካስታወሰ ይውሰድ፤ ከነጋ ግን ያለፈውን ትቶ የዛሬውን ብቻ ይውሰድ፤ ደርቦ መዋጥ የለም። ጸበል ሲገባ፣ ዚያራ ሲሄድ፣ ለቅሶ ሲደርስም መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ።

ከጎመን ይልቅ የሚያስፈሩት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ዋርፋሪንን እስከማይሠራ ድረስ ያዳክመዋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ ዋርፋሪኑ ይበረታል። ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞልና ፍሉኮናዞል በተቃራኒው ቁጥሩን ሽቅብ ይሰዱታል። ለወገብ ሕመም ተብሎ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጨጓራን ያደማል፣ የተወጋውንም ጡንቻ ደም ያስቋጥራል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም በልኩ። የሪህማቲክ ሕመምተኞች በየሦስት በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊንም ጡንቻ ላይ ስለሆነ፣ ለወጊዋ ነርስ "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" ማለትና የተወጋውን ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ዋግምትና ብጣት ይቅሩ፤ ለድርድር የሚቀርቡ አይደሉም። ጥርስ መነቀል ግን ይቻላል፤ ቀድሞ አይ ኤን አር መለካትና ለጥርስ ሐኪሙ መንገር ነው እንጂ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም አይደለም።

ማረስ ይቻላል፣ ማጨድም ይቻላል፤ ማጭድ የቆረጠውን እጅ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይገልጡ መያዝ አብዛኛውን ደም ያቆማል። ፈረሱ ግን ያሳስበኛል። የአርሲን ፈረሰኛ አትጋልብ ማለት ከባድ መሆኑን አላጣሁትም፤ ሆኖም ከፈረስ ወድቆ ራሱን የተመታ ዋርፋሪን ወሳጅ ቁስል ባይታይበትም፣ ተነስቶ ቢስቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት። የራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ቀስ እያለ ሰዓታት ቆይቶ ይገድላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ቀይ ሽንት፣ አልቆም ያለ ነስር፣ ከልክ ያለፈ የወር አበባ፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታትም ቀጠሮ አይጠብቁም።

ወጣት ሴቶችን የሚመለከተው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት የጽንሱን አጥንትና አፍንጫ ሊያበላሽ ይችላል። የብረት በር ያላት ሴት ግን ደንግጣ ብታቆመው በሩ ላይ ደም ረግቶ እሷንም ጽንሱንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ንግግሩ መሆን ያለበት ከማርገዝ በፊት ነው፤ ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ እሱም ደም እንዳይረጋ ወደሚያደርገው ሄፓሪን መርፌ ሊቀይርላት ይችላል። ጡት ማጥባት ችግር የለውም፤ ዋርፋሪን ለሕፃኑ በሚያሰጋ መጠን ወደ ወተት አያልፍም።

የቀረው ርቀቱ ነው። ሕመምተኛው ሁሉን ቢጠብቅ፣ ጎመኑን ቢመጥን፣ ፍሬውን ባይረሳ፣ ለአንድ ቁጥር ሲል የሥራ ቀን አቃጥሎ፣ ለመኪና ከፍሎ፣ አንዳንዴም አድሮ አሰላ መመላለሱ አይቀርለትም። በአጨዳ ወራት ቀጠሮ የሚያልፈው ቸልተኝነት ስላለ አይደለም። ከጣት በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም በደቂቃ ውስጥ አይ ኤን አር የሚያነብ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ግን ከተሠራ ቆይቷል፤ በጀርመን ብዙ ሕመምተኞች ቤታቸው ሆነው ይለኩበታል። የእኛ ገበሬ ቤቱ ይኑረው አልልም፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ አንድ አንድ ቢኖርና የመለኪያ ስትሪፑ እንዳያልቅ ቢደረግ፣ ነርሷ ቁጥሩን ለአሰላው ሐኪም በስልክ ትነግራለች፣ መጠኑም በስልክ ይስተካከላል።