ለወገብ የቀለለ፣ ለእጅ የከበደ፦ የትንሽ ሽጉጥ ሳይንስ

«ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። የሚሸጎጥ፣ በመታጠቂያና በልብስ መካከል የሚደበቅ መሣሪያ ማለት ነው። በአትላንታና በዙሪያዋ ይህ ትርጉም የዕለት ተዕለት ኑሮ ሆኗል። የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዢ ብራያን ኬምፕ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2022 የፈረሙት ሕግ፣ የፈቃድ መስፈርቶችን የሚያሟላ ሰው ፈቃድ ሳያወጣ ሽጉጥ ደብቆ እንዲይዝ ይፈቅዳል። በክላርክስተንና በአካባቢው እስከ እኩለ ሌሊት ነዳጅ ማደያና ሱቅ ከፍተው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ ጥያቄው የቅንጦት አይደለም፤ ገንዘብ ቆጥሮ በጨለማ ወደ መኪናው የሚሄድ ሰው ጥያቄ ነው።

አብዛኛው ገዢ የሚመርጠው ትንሹን ነው። በመደብሩ ውስጥ በመዳፍ ሲያዝ ቀላል፣ በኪስ ሲገባ የማይታይ፣ ለጀማሪም የሚመች ይመስላል። በተኩስ መለማመጃ ስፍራ ግን የባለቤቶቹ ምስክርነት ይለወጣል። ጥቂት ጥይቶች እንደተተኮሱ መዳፍ ይቆጠቁጣል፤ ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች፤ ዒላማውም ከታሰበው በላይ ይስታል። ይህ የባለቤቱ ድክመት ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ውጤት ነው።

ለማነጻጸር ከአትላንታ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በስሚርና ከተማ የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘውን የኦስትሪያውን ግሎክ ኩባንያ ሁለት ሞዴሎች እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ግሎክ 43 ስድስት ጥይት የሚይዝ ካዝና ያለው ሲሆን፣ ጥይት ሲጎርስ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለወታደርና ለፖሊስ የተለመደው ግሎክ 17 ደግሞ 17 ጥይት ይይዛል፤ ክብደቱም ወደ 900 ግራም ይደርሳል። ሁለቱም የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ባለ 9 ሚሊሜትር ጥይት ነው።

ሰባት ግራም ተኩል ገደማ የምትመዝን ጥይት በሴኮንድ 330 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዛ ከአፈሙዙ ስትወጣ፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሽጉጡ በተመሳሳይ መጠን ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱ እኩል ሆኖ ሳለ የሚቀበለው አካል ሲቀል ፍጥነቱ ይጨምራል። የባሩዱን ጋዝ ትተን ብናሰላው፣ ትልቁ ሽጉጥ በሴኮንድ 2.8 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሲመለስ ትንሹ 4.1 ሜትር ገደማ ይመለሳል። መዳፍ ላይ የሚያርፈውም ኃይል በአንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል። እጀታው አጭርና ቀጭን ስለሆነ ደግሞ ይህ ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛው ችግር በሞላው ላይ ነው። በሽጉጡ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የብረት ክፍል በትንሹ ሽጉጥ ላይ ቀላል ነው፤ የሚጓዝበትም ርቀት አጭር ነው። በዚህ አጭር ርቀት ለመቆም ጠንካራ ሞላ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጣቶቻቸው የደከሙ አረጋውያን ትንሹን ሽጉጥ ለማቀባበል ሲቸገሩ ይታያል። በተጨማሪም ይህ ክፍል ሥራውን እንዲጨርስ እጀታው በጽኑ መያዝ አለበት። አንጓ ከላላ እጀታውም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የተተኮሰው ቀለህ በሙሉ ሳይወጣ ይቀረቀራል። ባለቤቱ «ሽጉጡ ተበላሸ» ሲል ብዙ ጊዜ የላላው አያያዝ ነው።

ሦስተኛው የማነጣጠሪያ ጉዳይ ነው። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት በትንሹ ሽጉጥ 130 ሚሊሜትር፣ በትልቁ 165 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ተኳሹ የፊቱን ማነጣጠሪያ በአንድ ሚሊሜትር ቢያዛባ፣ በሰባት ሜትር ርቀት ስሕተቱ በትልቁ 42 ሚሊሜትር፣ በትንሹ 54 ሚሊሜትር ይሆናል። ጥይት የሳተ እንደሆነ የሚያርፍበት ግድግዳ ጀርባ ሰው ሊኖር እንደሚችል ለሚያስብ ባለ ሱቅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ከቅለቱ የሚመጣ ነው። እንዲህ ያሉ ሽጉጦች በእጅ የሚዘጋ ውጫዊ መቆለፊያ የላቸውም። በውስጣቸው ያሉት መከላከያዎች ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይባርቅ ይጠብቃሉ፤ ቃታው ሲሳብ ግን ሁሉም ይለቃሉ። ቃታው ደግሞ የሳበው ጣት ይሁን የጃኬት ገመድ ወይም በቦርሳ ውስጥ ያለ ቁልፍ አይለይም። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀላል ነገር ደግሞ ይረሳል። በአትላንታው ሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ፈታሾች 507 የጦር መሣሪያዎችን በተሳፋሪዎች ሻንጣ አግኝተዋል፤ በ2023 ደግሞ 451። በኖቬምበር 20 ቀን 2021 አንድ ተሳፋሪ እየተፈተሸ ወዳለ ቦርሳው እጁን ሲሰድ ሽጉጡ ባርቆ አዳራሹን አሸብሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 ጀምሮ ከአትላንታ ወደ አዲስ አበባ ይበራል። በእጅ ሻንጣ የተረሳ ሽጉጥ በአሜሪካ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል፤ በአገር ቤትም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ከዕለታት በአንዱ ለሥራ የተያዘን ቦርሳ ለመንገድ የሚያነሣ ሰው ኪሶቹን ሁሉ ባዶ አድርጎ ማየት ይገባዋል።

የሕጉም ነገር ከሳይንሱ ባልተናነሰ መታወቅ አለበት። የጆርጂያው ሕግ የፌዴራሉን ክልከላ አያነሳም። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የጦር መሣሪያ መያዝ አይችልም፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ሌላ ክልከላ ከሌለበት ይችላል። የመኖሪያ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ሳይጠይቅ ቢገዛ፣ ራሱን ሊጠብቅበት የፈለገው መሣሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ፣ የሚያከራዩ የመለማመጃ ስፍራዎች ስላሉ ትንሹንም ትልቁንም ተከራይቶ ይተኩስ፤ በራሱ እጅ ያቀባብል። የሚይዘው በየቀኑ ከሆነ ልምምዱም በየጊዜው ይሁን። ቤት ሲገባ ሕፃናት በማይደርሱበት፣ በተቆለፈ ሣጥን ያስቀምጥ፤ በመኪና ውስጥ ጥሎ አይሂድ፤ የከተማዋ ፖሊስ ከመኪና ስለሚሰረቁ ሽጉጦች በተደጋጋሚ ያስጠነቅቃልና። በመለኪያ ጠረጴዛው ላይ የተቀነሰው 300 ግራም የትም አልጠፋም፤ ከወገብ ወርዶ በእጅ፣ በልምምድና በጥንቃቄ ላይ ተጭኗል።