«ለመጠጣት ቆመ» ወይስ «መጠጣት አቆመ»?

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ አፉን በአማርኛ የፈታ ተማሪ «ማንበብ ፈለገ» እና «ማንበብ ጨረሰ» ሲል በአንድ ንዑስ አንቀጽ ይገለገላል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል፤ የፊተኛው «ዋንትድ ቱ ሪድ»፣ የኋለኛው «ፊኒሽድ ሪዲንግ» ይሆናል። ምርጫውን የሚወስነው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚቀድመው ግሥ ነው። «ሆፕ» እና «ዲሳይድ» «ቱ»ን ሲያስከትሉ፣ «ኢንጆይ» እና «አቮይድ» ግን «ኢንግ»ን ይሻሉ።

«ስቶፕ» ሁለቱንም ስለሚቀበል ስሕተቱ ትርጉም ያፋልሳል። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ ሰው «ስቶፕድ ቱ ድሪንክ» ከተባለ ውኃ ሊጠጣ መንገዱን ገታ ማለት ነው፤ «ስቶፕድ ድሪንኪንግ» ከተባለ ግን መጠጣቱን ተወ። በዚህ ግሥ ስንጠራጠር ሐሳቡን በአማርኛ እንፈትነው፤ «ለመጠጣት» ካልን «ቱ»፣ «መጠጣቱን» ካልን «ኢንግ» ነው። ሌሎቹን ግሦች ግን ከነተከታያቸው እናጥና።