ሁለት ሞክሼ ላይብረሪዎች፦ ሊብቨርት አልነሳ ሲል ከየት እንጀምር?

ሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ለማስነሳት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ የፕሮሰሰሩን አቅም ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚያካፍለው እሱ ነው። ኬሙ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና ስክሪኑን አስመስሎ ያቀርብለታል። ሊብቨርት ደግሞ ከላይ ሆኖ ማሽኖቹን ይፈጥራል፣ ያስነሳል፣ ያጠፋል። «ቨርሽ» የሚለውን ትእዛዝም ሆነ «ቨርት ማናጀር» የተባለውን መስኮት ስንጠቀም የምናነጋግረው ሊብቨርትን ነው። ኡቡንቱም ፌዶራም ሦስቱን አስማምተው፣ ፈትነው በፓኬጅ ስለሚያቀርቡ በዚያ መንገድ ብቻ የጫነ ሰው እዚህ የምናወራው ችግር እምብዛም አይገጥመውም።

ጣጣው የሚመጣው አዲስ ቨርዥን ስንፈልግ ነው። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የወጣው ሊብቨርት 8.0.0 ሲሆን 24.04 ደግሞ 10.0.0 ይዟል። ኡቡንቱውን ሳይቀይር አዲሱን ሊብቨርት የፈለገ ሰው ሶርስ ኮዱን አውርዶ ራሱ ኮምፓይል አድርጎ ይጭናል። ሥራው ያለምንም ስህተት ያልቃል። ከዚያ «ቨርሽ» ብሎ ሲጽፍ እንዲህ የሚል መስመር ሊመጣበት ይችላል፦

«ቨርሽ፦ /ዩኤስአር/ሊብ/…/ሊብቨርት.ኤስኦ.0፦ ቨርዥን ሊብቨርት_ፕራይቬት_10.0.0 ኖት ፋውንድ፣ ሪኳየርድ ባይ ቨርሽ።»

ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለውና እንደገና ያወርዳል፣ እንደገና ይጭናል። ሲብስበት ሊኑክሱን ከነጭራሹ አጥፍቶ ከባዶ ይጀምራል። ዳታ እየገዛ ለሚማር ተማሪ ይህ ገንዘብም እንቅልፍም የሚያሳጣ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የጎደለ ነገር አለመኖሩ ነው። እንዲያውም አንድ ፋይል በዝቷል፤ በላዩ ላይ መጫን ደግሞ ትርፉን ያበዛዋል።

ነገሩ እንዲገባን ላይብረሪ የሚጫንበትን መንገድ እንይ። ላይብረሪ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ለብቻው የተቀመጠ የኮድ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ «ሊብቨርት.ኤስኦ.0 ያስፈልገኛል» ይላል እንጂ ፋይሉ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ፈልጎ የሚያመጣለት ጫኚው ነው። ጫኚው በመጀመሪያ ተጠቃሚው «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ» በሚባለው ተለዋዋጭ ያዘዘው ቦታ ካለ እዚያ ያያል። ቀጥሎ «ኤልዲ ኮንፊግ» የተባለው ትእዛዝ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ማውጫ ይከፍታል። ማውጫው ላይ ካጣው ወደ ተለመዱት የሲስተም ፎልደሮች ይሄዳል። ስሙ የገጠመለትን የመጀመሪያውን ፋይል ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ የተሻለ ይኖር ይሆን ብሎ አይፈልግም።

የሊብቨርት ስም ባለፉት ዓመታት አልተቀየረም። ስምንተኛውም አሥረኛውም «ሊብቨርት.ኤስኦ.0» ነው የሚባሉት። ስለዚህ አንዱ በፓኬጅ፣ ሌላው በእጅ ሲጫን ሁለት ሞክሼዎች አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ጫኚው ስማቸውን ሲጠራ የትኛው አቤት እንደሚል የሚወስነው የፎልደሩ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ስሙ ያልተቀየረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊብቨርት ለውጭ ፕሮግራሞች የሚሰጣቸውን ተግባራት ላለማፍረስ ቃል የገባ ፕሮጀክት ስለሆነ፣ ለስምንተኛው የተጻፈ የውጭ ፕሮግራም ከአሥረኛው ጋር ይሠራል። «ቨርሽ» እና ከበስተጀርባ የሚሠራው «ሊብቨርት ዲ» ግን የውጭ ሰዎች አይደሉም። የላይብረሪውን የጓዳ ተግባራት ይጠቀማሉ፤ የጓዳው ነገር ደግሞ በየቨርዥኑ ይለዋወጣል። አዘጋጆቹ እነዚህን ተግባራት «ፕራይቬት» ብለው ከነቨርዥን ቁጥራቸው ያተሙባቸው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። ይህን ጥብቅነት እወደዋለሁ። ባይኖር ኖሮ ማሽኖቻችን ሥራ መሃል ላይ ምክንያቱ በማይታወቅ ብልሽት ይወድቁ ነበር፤ አሁን ግን ገና በር ላይ ስህተቱን በስሙ ጠርቶ ይነግረናል።

አሁን ያቺን መስመር እንደገና እናንብባት። ሦስት ነገር ትናገራለች። የመጀመሪያው የፋይሉ አድራሻ ነው፤ ጫኚው ያነሳው ላይብረሪ በ/ዩኤስአር/ሊብ ሥር ያለው፣ ማለትም ኡቡንቱ በፓኬጅ ያመጣው አሮጌው ነው። ሁለተኛው ያ ፋይል ውስጥ የታጣው ቁጥር ነው፤ 10.0.0። ሦስተኛው ጠያቂው ነው፤ «ቨርሽ»፣ ያውም አዲሱ፣ አሥረኛውን የሚጠይቀው እሱ ነውና። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል አዲሱ ፕሮግራም አሮጌውን ላይብረሪ አግኝቷል። አዲሱ ላይብረሪ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ሥር ተቀምጧል፤ ማውጫው ግን ስላልታደሰ ጫኚው አላወቀውም።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች «ኤልዲ ኮንፊግን በሩት ያስኪዱ፣ ይስተካከላል» ይላሉ። እውነት ነው፣ «ቨርሽ» ይነሳል። ነገር ግን ኡቡንቱ ላይ ማውጫው ሲዘጋጅ /ዩኤስአር/ሎካል ከ/ዩኤስአር/ሊብ ይቀድማል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ሊብቨርት.ኤስኦ.0» ያለ ሁሉ የሚያገኘው አሥረኛውን ነው። በፓኬጅ የመጣው «ሊብቨርት ዲ» ደግሞ ስምንተኛውን ነው የሚፈልገው። እየሠራ ያለው አገልግሎት አሮጌውን ላይብረሪ አስቀድሞ ሚሞሪ ላይ ስለጫነ ወዲያው አይነካም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በማግስቱ ሲበራ ግን ያው ስህተት ተገልብጦ ይመጣል፤ ፋይሉ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ያለው፣ የታጣው ቁጥር 8.0.0፣ ጠያቂው «ሊብቨርት ዲ»። «ትናንት ሲሠራ አድሮ ዛሬ ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይህ ነው።

ፌዶራ ላይ መልኩ ይለያል። እዚያ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ከነጭራሹ ማውጫው ውስጥ ስለማይገባ፣ ሰው ራሱ ካልጨመረው በቀር ኤልዲ ኮንፊግን ደጋግሞ ማስኬድ ለውጥ አያመጣም። ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ ፌዶራ ላይ ሲሞከር ግራ የሚያጋባው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመጫን ወይም ከማጥፋት በፊት ማን ማንን እያነሳ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። «ታይፕ -ኤ ቨርሽ» ብለው ሲጽፉ ተርሚናሉ በዚህ ስም የሚያውቃቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ከነአድራሻቸው ይዘረዝራል፤ ሁለት አድራሻ ከወጣ ሞክሼዎቹ ተገኝተዋል ማለት ነው። ቀጥሎ «ኤልዲዲ» ከሚለው ትእዛዝ በኋላ የእያንዳንዱን ሙሉ አድራሻ ጽፈው ከውጤቱ ውስጥ የሊብቨርትን መስመር ይፈልጉ። ከቀስቱ ቀጥሎ ያለው አድራሻ ያ ፕሮግራም ዛሬ የሚያነሳው ፋይል ነው። (ምንጩን በማያውቁት ፕሮግራም ላይ ግን ኤልዲዲን አይጠቀሙ፤ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው የሚችልበት አጋጣሚ አለ።) የፋይሉን ባለቤት ለማወቅ ኡቡንቱ ላይ «ዲፒኬጂ -ኤስ»፣ ፌዶራ ላይ «አርፒኤም -ኪውኤፍ» አለ፤ የመጀመሪያው ኤስ በትልቁ ይጻፋል። የትኛውም ፓኬጅ «የእኔ ነው» ካላለ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ያመጣው ሰው ነው። «ሲስተምሲቲኤል ካት ሊብቨርት ዲ» ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሳው አገልግሎት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ያሳያል። በአዲሶቹ ፌዶራዎች የአገልግሎቱ ስም «ቨርት ኬሙ ዲ» መሆኑን አይርሱ።

ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን እንደ ቋሚ መፍትሔ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ተርሚናል ላይ ያዘዝነው ለዚያ ተርሚናል ብቻ ነው የሚሠራው። «ሱዶ» ስንል ይጣላል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሱ አገልግሎቶችም አያዩትም። በእጅ ሲነሳ የሚሠራ፣ በራሱ ሲነሳ ግን የሚወድቅ «ሊብቨርት ዲ» ካጋጠመዎት መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። ለምርመራ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከአንድ ትእዛዝ ፊት ጽፈው ግምትዎ ትክክል መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ይተዉት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ስምን ማታለል ነው፤ የተጠየቀው ፋይል በጠፋበት ቦታ ሌላ ቨርዥን በተመሳሳይ ስም በአቋራጭ ማስቀመጥ። ለሊብቨርት ቁጥሩ የታተመው ፋይሉ ውስጥ ስለሆነ አይሠራም። ይህን ያህል ጥንቃቄ በሌለባቸው ላይብረሪዎች ላይ ግን ፕሮግራሙ ይነሳና በኋላ ዳታ ያበላሻል። የሲስተሙ ዋና የሲ ላይብረሪ በሆነው ጂሊብሲ ላይ ከተሞከረ ሲስተሙ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም 20.04 ላይ «ጂሊብሲ_2.34 ኖት ፋውንድ» ሊል ይችላል፤ የመጀመሪያው 2.35 ሁለተኛው 2.31 ነው ያላቸው። ፕሮግራሙን 20.04 ላይ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ መልካም ነው። ጂሊብሲን ከውጭ አምጥቶ መተካት ግን ፋይል መዘርዘር እንኳ እስከማይቻል ድረስ ኮምፒውተሩን ሊያሽመደምደው ይችላል።

ወደ ማጽዳቱ ስንሄድ አስቀድመን አንድ ድንጋጤ እናስወግድ። በእጅ የተጫነው ሊብቨርት የራሱ የሆነ ሌላ የማስተካከያ ፎልደር አለው። በእሱ በኩል ማሽኖቹን ስንዘረዝር ባዶ ዝርዝር ሊመጣ ይችላል፤ ማሽኖቹ ግን አልጠፉም። በፓኬጁ ሊብቨርት የተፈጠሩት ማሽኖች መግለጫ /ኢቲሲ/ሊብቨርት/ኬሙ ውስጥ፣ ዲስኮቻቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ካልተመረጠ በቀር /ቫር/ሊብ/ሊብቨርት/ኢሜጅስ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። ወይም ደግሞ «ፌይልድ ቱ ኮኔክት ሶኬት» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አድራሻው ውስጥ «ሎካል» የሚል ቃል ካለ አዲሱ ቨርሽ የሚያንኳኳው ያልተነሳ አገልግሎት በር ነው። የማሽኖቹን መግለጫና ዲስኮች የያዙትን ሁለቱን ፎልደሮች ሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለብጡ ወደ ማጥፋት አይሂዱ። ዲስኮቹን ሲገለብጡ ማሽኖቹ እየሠሩ መሆን የለባቸውም።

በእጅ የተጫነውን ለማንሳት ኮምፓይል ያደረጉበት ፎልደር ካለ ቀላል ነው። ሊብቨርት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የሚገነባው ሜሰንና ኒንጃ በተባሉት መሣሪያዎች ስለሆነ እዚያው ገብተው «ኒንጃ -ሲ ቢልድ አንኢንስቶል» በሩት ማስኬድ ይበቃል፤ ሲው በትልቁ ነው። ፎልደሩን ጥለውት ከሆነ በ/ዩኤስአር/ሎካል ሥር እየዞሩ በግምት ፋይል አያጥፉ፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም እዚያ ይኖራሉ። ያንኑ ቨርዥን እንደገና አውርደው፣ በዚያው ምርጫ ገንብተውና ጭነው ቢያነሱት ይሻላል፤ የመጫኛ መዝገቡ የትኞቹን ፋይሎች ማጥፋት እንዳለበት ያውቃል። የተጫነው በቀጥታ በፓኬጁ ፋይሎች ላይ ከነበረ ማንሳቱ የኡቡንቱን ፋይሎችም ይዞ ስለሚሄድ፣ ቀጥሎ «አፕት ኢንስቶል» ላይ «--ሪኢንስቶል» ጨምሮ የሊብቨርትን ፓኬጆች መመለስ ግድ ነው።

ከዚያ ኤልዲ ኮንፊግን ያስኪዱ፣ «ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ» ይበሉ፣ አገልግሎቱን ሪስታርት ያድርጉ። ተርሚናሉ አሁንም «/ዩኤስአር/ሎካል/ቢን/ቨርሽ የሚባል የለም» ቢል አይደንግጡ፤ የድሮውን አድራሻ ስለሚያስታውስ ነው፣ «ሃሽ -አር» ሲሉት ይረሳዋል።

አዲሱ ቨርዥን የግድ የሚያስፈልግ ከሆነስ? ለኡቡንቱ ኤልቲኤስ «ኡቡንቱ ክላውድ አርካይቭ» የሚባለው የፓኬጅ ማከማቻ አዳዲስ ሊብቨርትና ኬሙን አስማምቶ ያቀርባል፤ ለፌዶራም «ቨርት ፕሪቪው» አለ። ሶርስ ኮዱን ማየትና መሞከር ለሚፈልግ ደግሞ ሊብቨርት ራሱ ያዘጋጀው መንገድ አለ፤ የገነቡበት ፎልደር ውስጥ «ራን» የሚል ስክሪፕት ይገኛል። ፕሮግራሙን በእሱ በኩል ሲያስነሱት ሳይጫን፣ የሲስተሙን ማውጫ ሳይነካ፣ እዚያው ያለውን ላይብረሪ ይጠቀማል። በፓኬጅ የመጣውን አገልግሎት ግን አስቀድመው ያቁሙት፤ ሁለት ሊብቨርት ዲ እኩል ተነስተው አንዱን ዲስክ ለሁለት ማሽን ከከፈቱት ዳታው ሊበላሽ ይችላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ማረጋገጫው «ቨርሽ ቨርዥን --ዴሞን» ነው። ቨርሽ የተገነባበት ላይብረሪ፣ አሁን የሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ ኬሙና አገልግሎቱ እያንዳንዳቸው ከነቁጥራቸው ተዘርዝረው ይወጣሉ። ኡቡንቱ 22.04 ከፓኬጁ ብቻ ሲጠቀም የላይብረሪዎቹም የአገልግሎቱም ቁጥር 8.0.0፣ የኬሙ ደግሞ 6.2.0 ነው። ይህን ካዩ በኋላ ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያብሩትና ትእዛዙን ይድገሙት፤ ቁጥሮቹ ካልተለወጡ ማሽኖቹን ማስነሳት ይችላሉ።