አልጋና ምግብ ከተገኘ በኋላ

የአዲስ አበባው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በ1938 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የገቡት ልጆች ዛሬ በሕይወት ካሉ ዘጠናን ተሻግረዋል። ስሙን ከትምህርት ቤቱ የወሰደው ሰፈርም አብሮ አርጅቷል። ማለዳ ከዊንጌት ወደ ጳውሎስ በሚወስደው መንገድ የሚያልፍ ሰው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ምርኩዝ ይዘው የሚያዘግሙ አዛውንት ማየቱ አይቀርም። አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች «ጤናዬን ልጠብቅ» ብለው ከቤት አልወጡም። ኪዳን ሊያደርሱ፣ ቅዳሴ ሊያስቀድሱ ነው የወጡት። ሐኪም ቢያገኛቸው ግን የሚያዝላቸውን እያደረጉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በዚያ ላይ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የሚያስጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ይጨምራል። የጉለሌ ዳገት የመጀመሪያውን ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን ስግደቱ። ከወለል ተነሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ለአዛውንት ጭን ከባድ ፈተና ነው። ያ ጉልበት ሲጠፋ ከመጸዳጃ ቤት መቀመጫ መነሣትም አብሮ ይጠፋል፤ የሰው እጅ መጠበቅ የሚጀመረውም ያኔ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ሰግደው የሚነሡት የመስጊድ አባቶችም ሳያውቁት ይህንኑ ልምምድ ይሠራሉ።

ከእግር ጉዞው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ዕድሩ ነው። ስለ ዕድር ስናወራ ስለ ቀብርና ድንኳን እናወራለን፤ ሥራውም እሱ ነው። ነገር ግን ወርኃዊውን ስብሰባ በአዛውንት ዓይን እንየው። ስም ይጠራል። «አለሁ» ማለት ያስፈልጋል። የቀረ ሰው መቀጮ ይከፍላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከቀረ ደግሞ ዳኛው ወይም ጸሐፊው «ምን ሆነው ነው?» ብሎ ሰው ይልካል። ሌላ አገር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ደኅንነት ለመከታተል የስልክ መስመርና ማንቂያ መሣሪያ ይገዛል። እኛ ዘንድ ያንን የሚሠራው ደብተርና መቀጮ ነው። በዚያ ላይ ዳኝነቱ፣ ጸሐፊነቱና ገንዘብ ያዥነቱ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ጡረታ በወጣ ሰው ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ60 ዓመቱ ያሰናበተው የሒሳብ ሠራተኛ ሰፈሩ ውስጥ እንደገና ደብተር ይይዛል፣ እንደገና ይወቀሳል፣ እንደገና ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አረጋውያን ማዕከል ለማውራት ነው። ተቋሙ በአገራችን ገና ወጣት ነው። ልጅ የእርጅና ምርኩዝ ነው በሚባልበት አገር ማዕከል መግባት ለሚገባውም ለቤተሰቡም እንደ ውርደት ሲቆጠር ኖሯል። ከልጅ ሌላ ያለው ምርኩዝ ጡረታ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች ተመሳሳይ አዋጅ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. ነው። ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጉልቷ ላይ ስትሸጥ ያረጀችው እናት ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል፤ አቅሙ ያልፈቀደውን የተሸከሙት በአብዛኛው በጎ አድራጊዎች ናቸው።

ከእነዚህ የሚታወቀው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በወላጆቹ ቤት በጥቂት ሰዎች ጀመረው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያኖራል፣ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። ከዊንጌት ተነሥቶ አያት ያለው ዋናው ግቢ ለመድረስ ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ግድ ይላል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማዕከሉ ሰዎችን የሚያነሣው ከጎዳና ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ ማጠብ፣ ቁስል ማከም፣ ማብላትና ማልበስ ነው። ይህ ባልተሟላበት ስለ ጤና ባህል ማውራት ቅንጦት ይሆናል።

ከተሟላ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። አንድ አዛውንት ማዕከል ሲገቡ ሰውነታቸው ይገባል፤ ቀጠሯቸው ውጭ ይቀራል። የሚያስቀድሱበት ደብር፣ ስማቸው የሚጠራበት ዕድር፣ የወሩ ጽዋ ማኅበር፣ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» የምትልበት ሰዓት ሁሉ ከአጥሩ ወዲያ ነው። በምትኩ ሰዓቱን የሚወስነው ወጥ ቤቱ ነው፦ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ መኝታ። ለአካላቸው ይበቃ ይሆናል፤ ለሚጠበቅና ለሚፈለግ ሰው ኑሮ ግን አይበቃም።

ይህን በሙከራ ያዩት ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በሁለት ፎቆች ላይ ላሉ ነዋሪዎች ተክል ሰጡ። ለአንደኛው ፎቅ «ተክሉን ራሳችሁ ምረጡ፣ ራሳችሁ አጠጡ፤ ክፍላችሁንም እንደ ወደዳችሁ አሰናዱ» አሏቸው። ለሌላው ፎቅ «ተክሉን ነርሶቹ ይንከባከቡላችኋል» አሏቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ በተደረገ ክትትል በሞት ቁጥርም ልዩነት ታየ ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ ያ ስሌት ግን በኋላ እርማት ተደርጎበታልና እኔ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ቢል ቶማስ የተባለ ሐኪም በኒውዮርክ ግዛት ባለች ትንሽ ከተማ በሚሠራበት የአረጋውያን ቤት ሁለት ውሾች፣ አራት ድመቶችና አንድ መቶ ወፎች አስገባ። በሽታዎቹ ብሎ የቆጠራቸው ብቸኝነትን፣ መሰላቸትንና ረዳት አልባነትን ነበር። እኛ አገር መቶ ወፍ ማስመጣት አያስፈልግም፤ አሥር ዶሮና አንድ መደብ ጎመን ያንኑ ይሠራሉ፣ ዶሮዎቹ ደግሞ እንቁላል ይጥላሉ።

መቄዶንያ ውስጥ አገግመው እዚያው የሌሎች አስታማሚ የሆኑ ሰዎች አሉ። ተቋሙ ለጉብኝት ለሚመጣ ሰው ደጋግሞ ሊያሳየው የሚገባው ይህን ይመስለኛል። የከተማው ሰው ግን በብዛት የሚመጣው ድግስ ይዞ ነው፦ ልደት፣ የሠርግ መልስ፣ ሙት ዓመት። ምሳ አብልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተመርቆ ይመለሳል። ምግቡ በጎ ነው፣ ወጪ ይቀንሳል። ምርቃቱ ላይ ግን ልቆይ። ምርቃት አዛውንት ለወጣት የሚሰጠው ነገር ነው፤ በባህላችን ከማንም በፊት የሚጠበቀው ከእነሱ ነው። ለካሜራ ሲባል በደቂቃ ከሚያልቅ፣ አንድ ልጅ ፈተና ከመግባቱ በፊት፣ ሙሽሮች ከመጋባታቸው በፊት ቀጠሮ ይዘው ቢመጡ ሰጪና ተቀባይ ቦታ ይለዋወጡ ነበር። ሽምግልናውም እንዲሁ። የሰፈር ሰው ለዕርቅ አዛውንት ሲፈልግ የማዕከል ነዋሪ ለምን እንደማይታሰብ አይገባኝም።

ስለ ወጥ ቤቱ ሁለት ነገር ማለት ግን የግድ ነው። አጥባቂ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ አዛውንቱ ደግሞ የማንም ያህል አጥባቂ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ስለሚሟሽሽ ሰውነት ፕሮቲን በይበልጥ ይፈልጋል። በጾም ሰሞን ማዕዱ በጎመንና በድንች ብቻ ከተሞላ ያ ይጎድላል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ ከተፈራረቁበት አይጎድልም። ከባዱ ከመድኃኒት ጋር ያለው ጉዳይ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ውሎ ኢንሱሊን ቢወስድ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እዚህ ላይ ከነርሷ ምክር ይልቅ የሚሰማው የንስሐ አባት ነው፤ ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል በቤተ ክርስቲያን የተለመደ ነው። ካህኑንና ነርሷን ቁጭ አድርጎ የሚያነጋግር ማዕከል ብዙ አምቡላንስ ይቆጥባል። በረመዳን ለሙስሊም ነዋሪዎችም ኢማሙን እንዲሁ።

ዓይንም አለ። በኢትዮጵያ ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በዓይን ሕክምናው ከጥንት ይታወቃል። ያላየ ሰው አይራመድም፣ ያልተራመደ ይዳከማል፣ የተዳከመ ይወድቃል፣ በዚህ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ አልጋ ላይ ያስቀራል። ለነዋሪዎቹ የስፖርት ክፍል ለመሥራት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ቢጠይቀኝ ከዚያ በፊት የዓይን ምርመራ፣ በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚጨበጥ ብረትና የማያንሸራትት ወለል እለዋለሁ።

ማዕከል የሚገባው ከአዛውንቱ ጥቂቱ ነው። ቀሪው ቤቱ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ፈርሶ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ በሳምንት አንዴ መውረድ ራሱ ጉዞ ነው፣ የድሮው ዕድርም ሌላ ሰፈር ቀርቷል። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ቀን ውለው ማታ ቤታቸው የሚያድሩበት ስፍራ ነው። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። አዳራሽ ያላቸው ዕድሮች አሉ፤ ወንበር፣ ብረት ድስትና ጀበና ሞልቷቸዋል፣ ከእሑድ ስብሰባና ከለቅሶ ውጭ ግን በአብዛኛው ዝግ ናቸው። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ቢከፈቱ፣ በወር አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ ግፊትና ስኳር ብትለካ፣ ቡናው በተራ ቢፈላ፣ ዳኛውም እንደ እሑዱ ስም ቢጠራ ወጪው ቡናና ስኳር ነው። መቀጮ ግን መኖር አለበት፤ አምስት ብርም ቢሆን።