ለካምፓስ ላፕቶፕ ሲመረጥ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ማግስት የላፕቶፕ ገበያው ይሟሟቃል። መርካቶና መገናኛ ያሉ ሱቆች፣ ከእነሱም በላይ የቴሌግራም ቻናሎች፣ «ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም፣ እንደ አዲስ የሆነ» በሚሉ ማስታወቂያዎች ይሞላሉ። ወላጅ ገንዘቡን አሰባስቦ፣ ውጭ ያለ ዘመድም ካለ ጨምሮበት፣ ይገዛል። ማስታወቂያው በጉልህ የሚጽፈው የፕሮሰሰሩን ስም ነው። ልጁ አራት አምስት ዓመት አብሮት ሲኖር የሚያስደስተውም የሚያማርረውም ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ነው፦ የራሙ መጠን፣ የባትሪው ጤንነት፣ ሲበላሽ ተፈትቶ መጠገን መቻሉ። እዚህ በተለይ የማስበው ፕሮግራሚንግ የሚማሩትን ነው፤ ማሽኑ ሲጎተትባቸው ትምህርቱ ራሱ የከበዳቸው ይመስላቸዋልና።

ላፕቶፕ የተማሪ መሣሪያ እንዲሆን የታሰበው ገና ሳይሠራ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት አለን ኬይ በ1972 (ወር ካልተጠቀሰላቸው በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ባቀረበው ጽሑፍ «ዳይናቡክ» ብሎ የሰየመው፣ ልጆች ይዘውት የሚዞሩትና የሚማሩበት ጠፍጣፋ ኮምፒውተር ነበር። በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 ግን 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ባትሪ ስላልነበረውም ሶኬት ካላገኘ አይሠራም። አፕል በ1991 ባወጣው ፓወርቡክ ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ለመዳፍ ማሳረፊያ ተወለት፤ ዛሬ ሁሉም ላፕቶፕ ያንን ቅርጽ ይዟል። አይቢኤም ቲንክፓድን በ1992 ጀመረ፤ ሌኖቮ በ2005 የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ሥራ ገዝቶ ስሙን እስካሁን ይዞት አለ።

ተንቀሳቃሽ ስንል እንግዲህ ሁለት ነገር ማለታችን ነው፦ ቀላል መሆኑና ከሶኬት ርቆ መቆየቱ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ይበልጣል። መብራት ይጠፋል፣ በዶርም አንዱን ሶኬት ብዙ ልጅ ይጋራዋል፣ ላይብረሪ ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ያሉት ወንበሮች በጠዋት ይያዛሉ። ስለዚህ ባትሪን በ«ስንት ሰዓት ይቆያል» ወሬ ሳይሆን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፤ ላፕቶፑ ኮድ ሲጻፍበት 8 ዋት የሚወስድ ከሆነ 48 ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ ስድስት ሰዓት ያሠራዋል። ያገለገለ ባትሪ ግን ሲወጣ የነበረውን አቅም ይዞ አይገኝም። ዊንዶውስ ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ ፓወር ሲኤፍጂ በሚባለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ማውጣት ይቻላል። ሪፖርቱ ሁለት ቁጥሮችን አንዱን ከአንዱ በታች ያስቀምጣል፦ ባትሪው ሲመረት የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን። የመጀመሪያው 50 ሺህ፣ ሁለተኛው 27 ሺህ ሚሊዋት ሰዓት ከሆነ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው፤ ሻጩ ዋጋ ሲቀንስም የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከዚያ ላይ መታሰብ አለበት።

በ2018 የወጣው ቲንክፓድ ቲ480 በዚህ በኩል ልዩ ነው። አንድ ባትሪ በውስጡ፣ ሌላ ደግሞ ከኋላ ተስቦ የሚወጣ አለው። የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑ ሳይጠፋ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል፤ ትልቁ የኋላ ባትሪ ብቻውን 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከታች ያሉት ብሎኖች ተፈትተው ክዳኑ ሲነሳ ሁለት የራም ማስገቢያ፣ የሚቀየር ኤስኤስዲና በቀላሉ የሚደረስበት ፋን ይታያሉ። በተከታዩ ዓመት የመጣው ቲ490 ቀጠን ብሎ መጣ፤ ነገር ግን የሚነቀለው ባትሪ ቀረ፣ ከራሙም ከፊሉ ከቦርዱ ጋር ተበየደ። ኤክስ1 ካርቦን በሚባለው ደግሞ ራሙ በሙሉ የተበየደ ነው። ከላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ማሽኖች ከውስጥ ይህን ያህል ይለያያሉ፤ ለእኔ የአዲስነት ዋጋ እዚህ ላይ ይወድቃል። መብራት በሚጠፋበትና ገንዘብ በየዓመቱ በማይገኝበት ቤት ቲ480ን ከተተኪው አስበልጣለሁ።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስንመጣ «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ዋናው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። አይ 7-6600ዩ 6ኛ ትውልድ ነው፤ ሁለት ኮር ብቻ አለው። አይ 5-8250ዩ 8ኛ ትውልድ ሲሆን አራት ኮር አለው። ኢንቴል በ2017 ለቀጫጭን ላፕቶፖች የሚሆኑትን የአይ 5 እና የአይ 7 ኮሮች በእጥፍ ስላሳደገ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አይ 5 ከዚያ በፊት የነበረውን ቀጭን አይ 7 ያስከነዳዋል። ቁጥሩ በ1 ከጀመረ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ማንበብ ነው፤ 10210 10ኛ ትውልድ፣ 1135 ደግሞ 11ኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን፣ «ኤች» ደግሞ ጉልበቱም ፍጆታውም ከፍ ያለ መሆኑን ታመለክታለች። የኤኤምዲ ራይዘን 5 ያላቸውም ጥሩ ናቸው፤ ገበያችን ላይ ግን በብዛት የሚገኘው ኢንቴል ስለሆነ መለዋወጫውም ባለሙያውም ወደዚያው ያደላል።

8ኛው ትውልድ ድንበር የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ውጭ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶች የቆዩ ማሽኖቻቸውን ሲያወጡ እነዚህ ወደ እኛ ይጎርፋሉ፤ ዋጋቸውም ዝቅ ማለቱ አይቀርም። የኪሱ አቅም እዚያ ድረስ ብቻ የሆነ የሶፍትዌር ተማሪ አይዘን። ኡቡንቱ ወይም ሚንት ቢጭንበት ማሽኑ የጸጥታ ማሻሻያ እያገኘ ይቀጥላል፤ ፓይተኑም፣ ሲ ፕላስ ፕላሱም፣ ጊቱም ሊኑክስ ላይ ቤታቸው ነው።

ራም ላይ ግን መቆጠብ አይገባም። የሲ ፕላስ ፕላስ የመጀመሪያ ኮርስ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ማሽንም ይሄዳል። የሦስተኛ ዓመቱ ተማሪ አንድሮይድ ስቱዲዮን ሲከፍት፣ ኤሙሌተሩን ሲያስነሳ፣ ከጎኑ ብራውዘር ላይ አሥር ገጽ ሲዘረጋ ነው ችግሩ የሚመጣው። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ መልሶም ያነባል፤ መዳፊቷ ትቆማለች፣ ፋኑ ይጮሃል፣ አንዲት የተሳሳተች መስመር አርሞ ውጤቱን ለማየት ደቂቃዎች ይሄዳሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 8 ጊጋባይት የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ 16 ሲሆን ያሳርፋል። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን በደብሊው ኤስ ኤል የሚያሠራ ወይም ዶከር የሚጠቀምም እንዲሁ ነው፤ በእነዚህ ላይ በባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን ማየት ያስፈልጋል። አሁን 8 ገዝቶ በኋላ 16 ማድረግ የሚቻለው ግን ባዶ ማስገቢያ ካለ ወይም ያለው ራም የሚነቀል ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩን «ራሙ ይጨመራል ወይስ የተበየደ ነው?» ብሎ መጠየቅ ትውልዱን የመጠየቅ ያህል ነው።

ዲስኩ አጭር ጉዳይ ነው፦ ኤስኤስዲ ይሁን። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ መረጃ ፍለጋ ሜካኒካል ክንዱን ማንቀሳቀስ አለበት፤ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ብዙ «ሞተ» የተባለ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት ተነሥቷል። 256 ጊጋባይት ለመጀመር ይበቃል።

አጥብቄ የምከለክለው አንድ ምድብ አለ፤ በካርቶኑ ያለ፣ አዲስ፣ ርካሽ፣ ሴሌሮን ፕሮሰሰርና 4 ጊጋባይት የተበየደ ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው። ላስቲኩ ያልተላጠ መሆኑ ወላጅን ያስደስታል፤ ዋስትናም አለው። ግን ዊንዶውስ ራሱን ማደስ ሲጀምር ማከማቻው ይሞላል፣ የሚጨመርበትም መንገድ የለም። በዚያው ገንዘብ የሚገኝ፣ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድ ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ በሁሉም መንገድ ይበልጠዋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ ይህ ምርጫ የብዙ ቤተሰብን ገንዘብ ከብክነት ያድናል።

ማክቡክ የሚያምራቸው ብዙ ናቸው፤ ምክንያትም አላቸው። አፕል በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ኤም1 ቺፑን ካወጣ ወዲህ ማክቡክ ኤር ፋን ሳይኖረው ይፈጥናል፣ ባትሪውም ቀኑን ሙሉ ይውላል። የአይፎን መተግበሪያ መሥራት የሚፈልግ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ኤክስኮድ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ግን ይጠንቀቅ። ኢታብስ፣ ሳፕ 2000ና ሲቪል 3ዲ የዊንዶውስ ሶፍትዌሮች ናቸው፣ በአዲሶቹ ማኮች ላይም ዊንዶውስን እንደ ድሮው ጎን ለጎን ጭኖ ማስነሳት አይቻልም። ራሙም አይጨመርም፤ እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ የማክቡክ ኤር መነሻ 8 ጊጋባይት ነበርና በገበያ ያሉት ያገለገሉት አብዛኞቹ እሱ ናቸው። ከ2015 እስከ 2019 የወጡት ባለ ቀጭን ቁልፍ ኪቦርድ ማክቡኮች ቢቀሩ ይሻላል፤ አፕል ራሱ በ2018 በነጻ የጥገና ፕሮግራም ሊያስተናግዳቸው የተገደደ ኪቦርድ ነው።

የጌም ላፕቶፕ ለጥቂቶች ይጠቅማል። ማሽን ለርኒንግ በራሱ ማሽን መሞከር የሚፈልግ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለው ይመርጣል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተጻፉት ኩዳ በሚባለው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር ላይ ነው። ነገር ግን ከሁለት ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቻርጀሩ ራሱ ሸክም ነው፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ጎግል ኮላብ ላይ ግራፊክስ ካርድ በነጻ ተውሶ መጀመር ይችላል።

ከውጭ በሰው እጅ የሚመጣ ላፕቶፕ የራሱ ጉዳይ አለው። የቮልቴጁ ነገር አያሳስብም፤ የላፕቶፕ ቻርጀር በጥቅሉ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ የሚለየው መሰኪያው ብቻ ነው። ኪቦርዱን ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የጀርመን ኪቦርድ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በፕሮግራሚንግ በየመስመሩ የሚያስፈልጉት ጠማማ ቅንፎች የሚገኙትም ከቁጥር 7 እና ከ0 ላይ አልት ጂአር ተይዞ ነው። የፈረንሳዩ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ይለያል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡት ዐረብኛ ቢታተምባቸውም የላቲኑ ፊደል በቦታው ነው። የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን፣ የምንጽፈው በላቲን ፊደላት ድምፅ እየመራን ስለሆነ ቁልፎቹ ላይ መታተሙ አያስፈልግም።

ሱቅ ውስጥ ሲታይ መቸኮል አያሻም። ክዳኑን በአንድ እጅ ከፍቶ ማጠፊያው ሲላላ ወይም ሲንቋቋ ማዳመጥ፤ ነጭ ገጽ ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ መፈለግ፤ 1366 በ768 የሆነውን ትቶ 1920 በ1080 የሆነውን መምረጥ፣ ኮዱና የትምህርቱ ጽሑፍ ጎን ለጎን እንዲታዩ። እያንዳንዱን ቁልፍ መጫን፣ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ መሞከር፣ ቻርጀሩን ሰክቶ ገመዱን ማወዛወዝ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ባዮስ ውስጥ መግባት፤ ቲንክፓድ ላይ ሲነሳ ኤፍ 1ን መጫን ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ከጠየቀ መተው ነው፤ የቲንክፓድ ዋና የባዮስ የይለፍ ቃል ከተረሳ የአምራቹ መፍትሔ ቦርዱን መቀየር ነው። ማክቡክ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ ከስልክ ኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እንደ አዲስ ይነሳ፤ የድርጅት ቁጥጥር ካለበት ወይም በሌላ ሰው አካውንት ከተቆለፈ ያኔ ይታያል። ይህን ሁሉ ለማየት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ወደ ቀጣዩ ሱቅ መሄድ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ገና ዲፓርትመንቱን አያውቅም። የፍሬሽማን ኮርሶች የሚጠይቁት ማንበቢያ፣ ጽሑፍ መጻፊያና ፕሬዘንቴሽን ነው፤ አርክቴክቸር ይድረሰው ሶፍትዌር ምሕንድስና የሚለየው በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ገንዘብ በመስከረም ከማፍሰስ ይልቅ 8ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራምና አንድ ባዶ ማስገቢያ ያለው ማሽን ገዝቶ የተረፈውን ማስቀመጥ ይሻላል፤ ሶፍትዌር ከደረሰው ተጨማሪ 8 ጊጋባይት ራምና አዲስ ባትሪ ይገዛበታል፣ አርክቴክቸር ከደረሰው ደግሞ ግራፊክስ ካርድ ላለው ማሽን መነሻ ይሆነዋል።